የትንሽ ጀልባ ዲዝል ሞተርን ዲናሞ በትልቅ መቀየር፦ ከሒሳቡ እስከ ፍተሻው

ሎጎ ሐይቅ ላይ በትንሽ ዲዝል ሞተር ጀልባ ለምታንቀሳቅሱ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። አርድቦም ይሁን ጣና፣ ሥራው ያው ነው። የምናወራው ከ10 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር ስላላቸው ሞተሮች ነው። እነዚህ ሞተሮች ባሕር ባላቸው አገሮች ለትንንሽ ባለሸራ ጀልባዎች የሚሠሩ ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ የሚገጠምላቸው ዲናሞ (በሞተሩ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው) ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 60 አምፔር ነው። የታሰበውም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) የወሰደውን መልሶ ለመሙላትና አንድ ሁለት መብራት ለማብራት ነው።

እኛ ጋ ግን ነገር ይጨመራል። መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ የውሃ ማስወጫ ፓምፕ፣ ከዚያ የስልክ ቻርጀርና የድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎ ለዓሣ ማቆያ ትንሽ ፍሪጅ። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ጢቅ» ብሎ ዝም ይላል። ያኔ «ትልቅ ዲናሞ እንግጠም» ይባላል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዲናሞ ግን ብቻውን አይቀየርም። ቺንጋው፣ ኬብሉ፣ ፊውዙ፣ መያዣ ብረቱ ሁሉ አብረው ይነሳሉ። ከነዚህ ደካማው የትኛውም ቢሆን፣ የዲናሞው አቅም እሱ ጋ ያበቃል። እዚህ ወሎ ደግሞ ከፍታው አለ። እሱንም ሒሳብ ውስጥ እናስገባዋለን።

መጀመሪያ የድሮው ዲናሞ በእርግጥ አንሶ እንደሆነ እዩ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቴስተር ያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሞተሩን አስነሡና ዙሩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ካገኛችሁ ዲናሞው እየሠራ ነው። ካልሆነ ትልቅ ዲናሞ ከመፈለግ በፊት ቺንጋው እንዳልላላ፣ የኔጌቲቭ ኬብሉ ከሞተሩ ጋር የተያያዘበት ቦታ እንዳልዛገ፣ ዲናሞው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች እንዳላለቁ አረጋግጡ። ካርቦን መቀየር ትንሽ ሥራ ነው። ብዙ «የሞተ» ዲናሞ በዚሁ ይነሣል።

ያረጀ ባትሪም ያታልላል። ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ ከሆነ፣ የፈለጋችሁትን ዲናሞ ብትገጥሙ አይድንም።

ስንት አምፔር ይበቃችኋል?

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እያንዳንዱ ዕቃ የሚወስደውን አምፔር በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። ለምሳሌ አራት የኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ ግማሽ አምፔር፣ ለ4 ሰዓት፦ 8 አምፔር-ሰዓት። የውሃ ፓምፕ 5 አምፔር ለ1 ሰዓት፦ 5። ስልክና ድምፅ ማጉያ 3 አምፔር ለ6 ሰዓት፦ 18። ፍሪጅ በአማካይ 2.5 አምፔር ለ12 ሰዓት፦ 30። በድምሩ 61 ይሆናል።

ተራ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ለ61 አምፔር-ሰዓት ቢያንስ 122 የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። እንዲያው 200 ይሁን እንበል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ባትሪ የሰጡትን ሁሉ አይቀበልም። ተራ የአሲድ ባትሪ በደንብ ሲወርድ እንኳ የሚቀበለው ከአቅሙ ሩብ ያህል ነው። 200 የሚይዘው 50 አምፔር ገደማ ይቀበላል ማለት ነው። እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ኤጂኤም የሚባለው የታሸገ ባትሪ ከዚህ የበለጠ ይቀበላል። ሊቲየም ደግሞ የተሰጠውን ሁሉ ይውጣል፤ እሱ የራሱ ጣጣ ስላለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለባትሪው 50፣ በጉዞ ላይ ለሚሠሩት ዕቃዎች 10፣ በድምሩ 60 አምፔር ያስፈልጋል። ዲናሞ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የራሱ ዘንግ በደቂቃ 6,000 ዙር አካባቢ ሲዞር የሚሰጠው ነው። ሲሞቅ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 60 ለማግኘት 80 የተጻፈበትን ነው የምንፈልገው። 120 አያስፈልግም። «ይብዛ ግዴለም» የሚባለው እዚህ አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እንይ።

ሞተሩ ይችላል ወይ?

ዲናሞ ኤሌክትሪክ ከባዶ አይፈጥርም፤ ከሞተሩ ጉልበት ላይ ነው የሚቆርሰው። 120 አምፔር በ14 ቮልት ሲባዛ 1,680 ዋት ይሆናል። ተራ ዲናሞ ከሚወስደው ጉልበት ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው። ሌላው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ 3,000 ዋት፣ ማለትም 4 የፈረስ ጉልበት ያህል ይከፍላል። 80 አምፔር የሆነው ግን ከ3 በታች ነው የሚወስደው።

አሁን ከፍታውን ጨምሩበት። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ዲዝል ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ 12 ያህል ነው የሚሰጣችሁ። ከ12 ላይ 4 ለዲናሞ ሲሄድ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ጀልባው ሰው ሞልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ያኔ ይታወቃችኋል።

ስስ አየር ዲናሞውንም በደንብ አያቀዘቅዘውም። የባሕር ጠረፍ ላይ ችግር የማይፈጥር የተዘጋ የሞተር ሳጥን እዚህ ዲናሞ ሊያቃጥል ይችላል። ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው።

በነገራችን ላይ፣ ሞተራችሁ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዲናሞውን ተዉትና ሶላር ግጠሙ። በእኛ ፀሐይ አንድ 100 ዋት ፓነል በጥሩ ቀን 30 አምፔር-ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሞተር ሳይነሣ፣ ናፍጣ ሳይቃጠል። ትልቅ ዲናሞ የሚያዋጣው ሞተሩ ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ጀልባ ነው።

ቺንጋውን ከዲናሞው በፊት ለኩ

ቺንጋ የሚችለው ልክ አለው። ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ባለቪ ቺንጋ እስከ 75 ወይም 80 አምፔር ይሸከማል። 13 ሚሊ ሜትር የሆነው እስከ 100 አካባቢ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ሁለት ቺንጋ ወይም ባለብዙ ጥርስ ጠፍጣፋ ቺንጋ ይፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ፑሊዎቹ ሁሉ መቀየር አለባቸው። «ቺንጋውን ጠበቅ ላድርገው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

የፑሊዎቹን ስፋትም ለኩ። የሞተሩ 130፣ የዲናሞው 65 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዲናሞው የሞተሩን እጥፍ ይዞራል። ሞተሩ በ1,200 ሲያዘግም ዲናሞው 2,400 ላይ ነው። እዚያ ላይ ከተጻፈበት ግማሽ ቢሰጥ ነው። ቀስ ብለው እየዞሩ ሰው የሚያስጎበኙ ይህን ይወቁ። የዲናሞውን ፑሊ ማሳነስ ዙሩን ይጨምራል። ግን በጣም ሲያንስ ቺንጋው የሚይዝበት ቦታ ያጣና ይንሸራተታል። እኔ ከ60 በታች አልወርድም።

ደሴ መለዋወጫ ቤት ስትገቡ

ለባሕር የተሠራ ዲናሞ ፍለጋ አትድከሙ። የባሕር ዲናሞ ዋና ልዩነቱ ጨው እንዳይበላው መሠራቱና፣ ቤንዚን ባለበት ቦታ እሳት እንዳያስነሣ መታሸጉ ነው። የኛ ውሃ ጨው አይደለም፤ ሞተሩም ዲዝል ነው። ጥሩ የመኪና ዲናሞ ይበቃል። ደሴም ኮምቦልቻም ያገለገለም አዲስም ይገኛል።

ባለሱቁ መጀመሪያ «የ12 ነው የ24?» ይላችኋል። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። የነሱ ዲናሞ ከውጭ ሲታይ ከ12ቱ ብዙ አይለይም። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ጽሑፉ ከጠፋ አትውሰዱት።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዲዝል ፒክአፕ የወጣ ዲናሞ ነው። ብዙዎቹ ከኋላቸው ትንሽ ክብ ጣሳ የምትመስል ነገር አለቻቸው። የፍሬን አየር መሳቢያ ፓምፕ ናት። ዘይት የሚገባባትና የሚወጣባት ቱቦ አላት። የጀልባችሁ ሞተር ያንን ዘይት አይሰጣትም። ያለ ዘይት ስትዞር ትነክሳለች፤ ዘንጉንም ይዛው ትቆማለች። ስለዚህ ከቤንዚን መኪና የወጣውን ምረጡ። ወይም ፓምፗን በባለሙያ አስወጥታችሁ ቀዳዳውን በደንብ አስደፍኑ።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የድሮውን ዲናሞ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህን በካሊፐር አስተያዩ፦ የመያዣ እግሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት፤ የእግሩ ወርድ ስንት ነው (25፣ 50 እና 80 ሚሊ ሜትር የሚበዙት ናቸው)፤ የብሎን ቀዳዳው ስንት ነው፤ ከእግሩ ፊት እስከ ፑሊው ጎድጓዳ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ነው። የመጨረሻው ልኬት ከሁሉም ይበልጣል። ሌላው በቶርኖ ቤት ይስተካከላል። ማስወጠሪያው ብሎን የሚገባበት ጆሮ በየትኛው ጎን እንዳለም እዩ። አለበለዚያ ዲናሞው ከሞተሩ ጎን ጋር ይጋጫል። በመጨረሻ ፑሊውን በእጃችሁ አዙሩት። ኩሽኔታው የሚያጉረመርም ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ መልሱት።

ማውለቅ

ቁልፉን አጥፉ። ከባትሪው መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ከዚያ ፖዘቲቩን ፍቱ። ይህ ቅደም ተከተል እንዳይዛነፍ፤ ዲናሞው ላይ ያለው ወፍራም ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ቁልፋችሁ ብረት ከነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል።

ከዲናሞው ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። በየሽቦው ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት ጻፉበት። ከዚያ የማስወጠሪያውን ብሎን አላሉ፣ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፍታችሁ ቺንጋውን አውልቁ፣ የእግሩን ብሎን ፈትታችሁ አውጡት። አዲሱ ከባድ ስለሆነ ቦታው ክፍት እያለ መያዣ ብረቱን ተመልከቱ። ስንጥቅ ካለ ወይም ቀጭን ከሆነ በወፍራም ብረት አሠሩት። ዲዝል ሞተር፣ በተለይ ባለአንድ ሲሊንደር፣ በጣም ያርገበግባል። ደካማ መያዣ ብየዳው ላይ ይቆረጣል።

መግጠምና ማስተካከል

አዲሱን በእግሩ ብሎን በልኩ ያዙት፤ ገና አታጥብቁ። ቀጥ ያለ ብረት ወስዳችሁ በሞተሩ ፑሊና በዲናሞው ፑሊ ፊት ላይ አሳልፉ። ሁለቱም በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። 1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ይታለፋል፤ 3 ከሆነ ቺንጋው በአንድ ጎኑ ይበላል። ዲናሞው ወደ ኋላ ከቀረ በእግሩና በመያዣው መካከል ሮንዴላ ጨምሩ። ወደ ፊት ከወጣ እግሩን ቶርኖ ቤት ያስልጡት። የፑሊዎቹ ፊት እኩል ውፍረት ከሌለው፣ መለካት ያለበት ቺንጋው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ መሃል ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቺንጋ ቶሎ ቶሎ የሚበላባቸውን ሞተሮች ሁሉ ብታዩ፣ ከብዙዎቹ ጀርባ ይህ መስመር ነው ያለው።

አዲስ ቺንጋ አስገቡ፤ የድሮውን አትመልሱ። ዲናሞውን በጠንካራ እንጨት ወደ ውጭ እየገፋችሁ ማስወጠሪያውን አጥብቁ። ስትገፉ አካሉ ላይ እንጂ የኋላ ሽፋኑ ላይ አይሁን፤ ሽፋኑ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለው ክፍተት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ በአውራ ጣት ጠንከር ብላችሁ ስትጫኑት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ቢገባ ልክ ነው። ክፍተቱ ካነሰ ይህም ያንሳል። ዳዶዎቹ ንዝረት እንዳያላላቸው የሚነክስ ሮንዴላ ወይም ባለፕላስቲክ ዳዶ አድርጉላቸው።

ሽቦው

የድሮው ሽቦ ለ35 አምፔር የተዘረጋ ነው። 80 ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ቮልቱም መንገድ ላይ ይቀራል፣ ባትሪው ሳይሞላ ይውላል። ከዲናሞው እስከ ባትሪው 2 ሜትር ከሆነ፣ ሄዶ መምጫው 4 ሜትር ነው። ለ80 አምፔር በዚህ ርቀት 16 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ የቮልት ኪሳራውን 3 በመቶ አካባቢ ያቆየዋል። የሞተር ሳጥን ግን ይሞቃል፤ ስለዚህ 25 ውሰዱ። ኔጌቲቩም ያው ውፍረት ይኑረው። ፖዘቲቩን አወፍሮ ኔጌቲቩን የድሮውን መተው ምንም አይጠቅም።

የብየዳ ማሽን ኬብል ጥሩ ነው፤ ተጣጣፊ ስለሆነ ንዝረት ይችላል። ስትገዙ ግን አንዱን ክር በቢላ ፋቁት። ከውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ተዉት። ጫፉ ላይ የሚገባውን የመዳብ ቀለበት በትክክለኛው መጭመቂያ አስጨምቁ፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ከጊዜ በኋላ ይላላል።

ፊውዝ አትርሱ። ለ80 አምፔር ዲናሞ 100 አምፔር ፊውዝ፣ ባትሪው አጠገብ። ኬብሉ የሆነ ቦታ ተልጦ ሞተር ቢነካ እሳቱ የሚመጣው ከባትሪው ነው፤ ፊውዙም እሱ ጋ መሆን አለበት።

ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ደግሞ አሉ። ወደ ቻርጅ መብራቱ የሚሄደው ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ነው። መብራቷ ከተቃጠለች ዲናሞው ሞተሩ በጣም እስኪጮህ ድረስ ላይሠራ ይችላል። በኤልኢዲ ብቻ ብትተኳትም ያው ነው፤ የምታሳልፈው አምፔር አይበቃውም። የሞተር ዙር መቁጠሪያችሁ ከዲናሞው ምልክት የሚወስድ ከሆነ ከቅየራው በኋላ ይዋሻል፤ እንደገና መስተካከል አለበት።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ ዲናሞው ከባትሪው እንዳይለይ። የባትሪ መቀያየሪያ ማብሪያ ካላችሁ የዲናሞውን ኬብል በሱ በኩል አታሳልፉ። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢያጠፋው ቮልቱ በቅጽበት ይዘልና ዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ። በፊውዙ በኩል በቀጥታ ባትሪው ላይ እሰሩት።

ሊቲየም ባትሪ ያላችሁ ደግሞ ተራ ዲናሞ በቀጥታ አታገናኙ። ሊቲየም ሳይጠግብ ሙሉ አቅሙን ሲጎትት ይቆይና ዲናሞውን ያቃጥለዋል። ሙቀት የሚለካ የውጭ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠር)፣ ወይም በመካከል የሚገባ ከዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋል።

ማስነሣትና መፈተሽ

መጀመሪያ ፖዘቲቩን፣ መጨረሻ ኔጌቲቩን መልሱ። ቁልፉን ስትከፍቱ የቻርጅ መብራቷ መብራት አለባት፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዙር ሲጨምር ደግሞ መጥፋት። ቮልቱን ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 መካከል ይሁን። ወደ 15 ካለፈ ወዲያው አጥፉ፤ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል።

ቀጥሎ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ አብሩና የቴስተሩን አንዱን ዘንግ ዲናሞው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። 0.3 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኬብሉ ጥሩ ነው። ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭም እንዲሁ ለኩ፤ እዚያ ከ0.2 ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ። በእጅ እየነካካችሁ ፈልጉት፤ የሚሞቀው እሱ ነው። ክላምፕ ሜትር ካገኛችሁ አምፔሩንም እዩ። መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ከወረደ አብሽሩ፤ ባትሪው እየሞላ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥፉና ቺንጋውን እንደገና ወጥሩ፤ አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ደግማችሁ እዩት። ፑሊው አካባቢ ጥቁር ዱቄት ከተጠራቀመ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ወይ ላልቷል ወይ መስመሩ ተሳስቷል። ሲነሣ ብቻ የሚጮህ ከሆነም ያው ነው።

በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ይኸው አንድ ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ውሃ ፓምፕም ያዞራል። ሐይቁ መሃል ቢበጠስ የምታጡት ቻርጅ ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ነው። ልክ ያው ቁጥር ያለው ሁለተኛ ቺንጋ፣ ብሎኖቹን የሚፈታ ቁልፍና አንድ ትርፍ ፊውዝ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ።